የእትየ መዲና ተረከዝ

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ካሜራ አንግቶ ከሰርግ ሰርግ የሚዞረውን ሂሻምን «ቪዲዮ ቀራጭ» ብላችሁ ብትጠሩት ዞሮ አያያችሁም። «ፊልም ሠሪ» ካላችሁት ግን ከከተማው ወጥቶ ገራዶ ሆኖም ይሰማችኋል። እኔ ጀላል እባላለሁ። እሱ የቀረጸውን እየቆረጥኩ የምቀጥል፣ በሰርግ ቀን ደግሞ ማይክ የምይዝ ባልደረባው ነኝ። ስለዚህ የማወራው ያየሁትን ነው።

ሂሻም ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሽራ ሲቀርጽ በሰላም ኖሮ፣ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ማስታወቂያ አየና ታመመ። አዲስ አበባ ውስጥ «ጆሮና ዐይን» የሚባል ቡድን በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ የሙከራ ሙዚቃ ፊልሞችን ያሳያል፤ ከክፍለ ሀገርም ሥራ ይቀበላል። የሙከራ ሙዚቃ ፊልም ማለት፣ ሂሻም እንዳስረዳኝ፣ ዘፋኝም ዘፈንም የሌለበት ነው። ታዲያ ምን አለበት ብዬ ብጠይቀው «አንተ አይገባህም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልገባኝም።

የመጀመሪያ ሥራው «ቧንቧ» ይባላል። የግቢያችን ቧንቧ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ አየር ሲያፏጭ ያሳይና መጨረሻ ላይ ውሃ ይመጣል። መራጮቹ «ሥራዎን በታላቅ ፍላጎት ተመልክተናል፤ ሆኖም የውሃው መምጣት አስቀድሞ የሚታወቅ ነው» ብለው መለሱለት። ይህን የጻፈ ሰው ደሴ ኖሮ እንደማያውቅ ወዲያው ገባኝ። ሁለተኛው፣ ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ቁልቁለት ካሜራውን ዘቅዝቆ የቀረጸው ነው። እናቱ አይታ «ልጄ፣ ወድቀህ ነው እንዴ?» አለችው። እሱም አልተመረጠም። ለሁለቱም «ይህ ሥራ መኖርን ይጠይቃል» የሚል መግለጫ ጽፎ ነበር፤ መኖር ግን መልስ አልሰጠውም።

በዚህ መሀል የከይሪያ ሰርግ ደረሰ። ከይሪያ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ክር የምታጠነጥን ልጅ ናት። እናቷ እትየ መዲና ደጋን የምትባል ከተማ ይኖራሉ። ታላቅ እህቷ ሳሊሃ ደግሞ ጅዳ ሰው ቤት ከተቀጠረች ስምንት ዓመቷ ነው። በእኛ አገር የሰርግ ቪዲዮ ከሙሽሮቹ ይልቅ ዐረብ አገር ላለው ዘመድ ነው የሚቀረጸው። ምሳ ከተበላ በኋላ ሰው ሁሉ በተራ ካሜራ ፊት እየቆመ፣ የራቀውን በስሙ እየጠራ ሰላም ይላል። ከዚያ ሰልፍ አንድ አክስት ከተዘለለች ባለካሜራው ዕድሜ ልኩን ሲወቀስ ይኖራል።

እትየ መዲና ግን ለሳሊሃ ድምፃቸውን እንጂ ፊታቸውን ሰጥተዋት አያውቁም። በቪዲዮ ስትደውል ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። «በስልክ ካየችኝማ ምን ብላ ትመጣለች?» ይላሉ። እሷም ሰርጉ ሲቃረብ ደውላ አንድ አደራ ብቻ ሰጠችን፤ «እማ ያን ቀን እሺ ካለች፣ ፊቷን ያዙልኝ።»

የ«ጆሮና ዐይን» ቀጣይ የፊልም ማስገቢያ ቀን ሰኞ ያበቃል፤ ሰርጉ እሁድ ነው። ሂሻም «ሁለት ባላ ትከል ተብሏል። ሰርጉንም ፊልሙንም ባንድ ቀን እጨርሳለሁ» አለኝ። እሺ ብዬ ማይኬን አዘጋጀሁ። እሺ ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

የሰላምታው ሰልፍ ሲያልቅ እትየ መዲና ተነሱ። «ስልካችሁን አስቀምጡ። ለባለካሜራው ብቻ ነው» አሉ። ሻርፓቸውን ወደ ኋላ ጣሉት። ፊት ለፊታችን ቆመው፣ በተረከዛቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ አንጎራጎሩ፤

«አንዷን ባሕር ወሰዳት፣ አንዷን የሰው ቤት፣
ሳሊሃ ልጄ እይኝ፣ ገለጥሁልሽ ፊት።»

ቤቱ በሙሉ አለቀሰ፤ እኔም ማይኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ዞር ብዬ ሂሻምን ባየው ተንበርክኮ ካሜራውን ተረከዛቸው ላይ ደግኗል።

«ፊታቸውን ያዝ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ዝም በል፣ ድምፅህ ይገባብኛል።»

አራት ደቂቃ ሙሉ ከተረከዙ አልተነሳም። ቀና ሲል ሻርፑ ተመልሷል።

ሰኞ «ተረከዝ» ተላከ። በወሩ ደብዳቤ መጣ፤ «ፊትን በመከልከል ፊትን የሚያሳይ ደፋር ሥራ» ይላል። ሂሻም ደብዳቤውን አትሞ የሱቃችን ግድግዳ ላይ፣ ከሙሽሮቹ ፎቶ በላይ ሰቀለው። አዲስ አበባ አብሬው ሄድኩ። ሠላሳ የሚሆን ሰው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ የእትየ መዲናን ተረከዝ በትልቅ ግድግዳ ላይ አየ። «ገለጥሁልሽ ፊት» የሚለው ስንኝ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሲሰማ የሳቀም የደነገጠም የለም፤ ከእኔ በቀር። ሲያበቃ አንድ ባለመነጽር ተነስቶ «የሴትዮዋ ፊት አለመኖሩ ምንን ያመለክታል?» ብሎ ጠየቀ። ሂሻም ዐሥር ደቂቃ መለሰ። የምን ምልክት እንደሆነ እኔ በአንድ ቃል ልነግረው እችል ነበር፤ የአደራ-በላነት።

ስንመለስ፣ ደብረ ብርሃንን እንዳለፍን፣ የሳሊሃ የድምፅ መልእክት ገባ። የሰርጉ ቪዲዮ የዚያኑ ሰሞን ነበር የደረሳት። ሂሻም ስልኩን በመካከላችን አድርጎ ከፈተው። «ሂሻም ወንድሜ፣ ጀዛከላህ። ሁሉንም አየሁ፣ ደስ ይላል። የእማ ፊት ያለው የትኛው ላይ ነው? ድምፅዋን ሰማሁት፤ ሦስት ጊዜ መላልሼ አየሁ፣ እኔ ነኝ መሰል ያጣሁት።» አለመቆጣቷ ነው የገደለን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይኸው ነው፤ ጭብጨባውን እሱ ወሰደ፣ እናቷን እሷ አጣች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ደጋን ሄድን። እትየ መዲና ሻርፓቸውን እስከ ዐይናቸው ስበው ደጃፍ ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«እትየ፣ አፉ ይበሉኝ» አለ ሂሻም። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስለ ሳሊሃ ብለው ይገለጡልኝ።»

«ወላሂ አልተቀየምኩህም ልጄ» አሉ፣ እጃቸው ከሥራው ሳይነሳ። «ያን ቀን ሆዴ ባብቶ ፊቴን ይዤልህ መጣሁ። አንተ አልፈለግኸውም። እኔም አላህ ያወቀው ነው ብዬ ያዝኩት፤ እንግዲህ ፊቴን የፈለገች አገሯ ትግባ።»

ሂሻም አንገቱን ደፋ። እሳቸው ጎመኑን ወደ ጎን አደረጉና ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉለት።

«እግሬን እንደሆን፣ ይኸውልህ» አሉት።

ሂሻም ካሜራውን ከቦርሳው አላወጣም።