ንጹሕ ሰው ያበላሸው ውሃ

አሰላ ውስጥ በእኛ ሰፈር የየቤቱ የሽንት ቤትና የእጥበት ፍሳሽ አንድ ጉድጓድ ገብቶ፣ ከዚያም ቄጤማ በተተከለበት ጠጠር ውስጥ አልፎ ለችግኝ የሚሆን ውሃ ሆኖ እንዲወጣ ሲታሰብ፣ አፍንጫቸውን ይዘው ከተቃወሙት አንደኛው እኔ ነበርኩ። ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣችው ወጣት ባለሙያ ታግሣ አስረዳችኝ። ገባኝ አልኩ። አልገባኝም ነበር።

ከቄጤማው በታች ያለችው ጎረቤቴ የምትተዳደረው የዛፍ ችግኝ በማፍላት ነው። በዚያ በጋ የቧንቧ ውሃ አንድ ቀን ከመጣ ሳምንት ይጠፋል፤ ተስፋዋ ሁሉ በዚህ ውሃ ላይ ነበር። ተሠርቶ ሲያልቅ ውሃው መጀመሪያ ደህና ወጣ። ኋላ ይሸት ጀመር፤ ቄጤማውም ቢጫ ሆነ። ባለሙያዋ "ሳይጠራ አይለቀቅም" ብላ ዘጋችው። ችግኙ መጠውለግ ያዘ።

ባለሙያዋ ምክንያቱን ፍለጋ ቤት ለቤት ስትጠይቅ እኔ ዘንድ ደረሰች።

"አባባ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ምን ይጨምራሉ?"

"በረኪና ነዋ! ጠዋት ማታ፣ ጠርሙስ ሙሉ። የእኔ ቆሻሻ ሳይታጠብ ሰው ፊት ይቅረብ እንዴ?"

ግንባሯን ያዘች። "አባባ፣ ቆሻሻውን የሚበሉልን እኮ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው። ፈጇቸው!"

በዚህ ዕድሜዬ በንጽሕና ተከሰስኩ። እንደ አገሩ ወግ እርጥብ ሳር ይዤ ጎረቤቴን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ባለሙያዋም እዚያው ነበረች፤ እጄን ስታይ ጮኸች።

"ይሄን ከየት ነቀሉት?"

በበጋ እርጥብ ሳር ከየት ይመጣል? ከዚያው ከጠጠሩ ነው፤ ያውም ከቢጫው መሀል ለምለም ለምለሙን መርጬ።

"የተረፈውን እኮ ነው የነቀሉት!"

ጎረቤቴ ንዴቷ ጠፍቶባት በሳቅ ፈረሰች። "ጋሼ፣ ይቅር ብያለሁ! ሌላ ይቅርታ ሳያስቡ ሮጠው ይትከሉት!"

ደግነቱ ከነሥሩ ነው የነቀልኩት። ወገቤን እየረገምኩ መልሼ ተከልኩ፤ በረኪናውንም ተውኩ። ጎረቤቴ በአህያ ጋሪ ባስመጣችው ውሃ የቻለችውን አቆየች፤ ጥቂቱ ደረቀባት። ከሳምንታት በኋላ ቄጤማው አቆጠቆጠ። ባለሙያዋ ውሃውን አስመርምራ በብርጭቆ አቀረበችልኝ።

"ያሽትቱት እስቲ።"

"ምንም አይሸትም።"

"የእርስዎን አፍንጫ ማን ያምናል?" አለች ጎረቤቴ። ራሷ አሸተተችና ሄዳ የተዘጋውን ውሃ ከፈተችው። ደረቁ አፈር እየጠቆረ ሲሄድ፣ እኔም ከውሃው ጋር እኩል እየተራመድኩ እስከ መጨረሻዋ ችግኝ ድረስ ሸኘሁት።