ዓሣ አራጅ የለውም

እኔ የእንጅባራ ሰው ነኝ። ውሃ ሲሉኝ የማውቀው የዘንገናን ሐይቅ ነው፤ እሱንም ከዳር ሆኜ። ሥር የለውም፣ የገባ አይወጣም እየተባልን ነው ያደግነው። እንኳን ልዋኝበት፣ ፈረስ ላጠጣ ስሄድ እንኳ ልጓሙን እንቅ አድርጌ ነበር የምይዘው። ስለዚህ አምና ጅቡቲ ላይ በጓደኛዬ ጀልባ ባሕር ገባሁ ስል ከሰፈራችን አንድም ያመነኝ የለም። አይመኑ! እኔም እናቴ ባታዘኝ ኖሮ አልገባም ነበር።

ጓደኛዬ ሙስሊም ነው። ወላጆቹ በድርቁ ዘመን ከወሎ በሰፈራ መጥተው ከጫግኒ ወዲያ ቆላው ላይ ጎጆ የቀለሱ ናቸው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ እንጅባራ ሲመጣ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየ። ብዙም ሳይቆይ እናቴ ብርዱ ገደለው ብላ የአባቴን ጋቢ አልብሳ ከእኛ መሶብ አስጠጋችው። ክፍሏ የቀረችው ለደብተሮቹ ነው።

በአዘቦት ቀን ሽሮውም ድንቹም የጋራ ነበር። ጣጣው የሚመጣው ከበዓል ጋር ነው። እኛ ያረድነውን እሱ አይበላ፤ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላ። እናቴ ለእያንዳንዱ በዓል አንድ ዶሮ በነፍሱ ታስታቅፈዋለች፤ እሱም ዶሮውን ይዞ ወደ ሙስሊም ዘመዶቹ ቤት ይሄዳል፤ እዚያው አሳርዶ፣ እዚያው በልቶ ይመለሳል። በሩ ላይ ጠብቃ፣ “ጠገብህ?” ትለዋለች። “አልሐምዱሊላህ፣ እማማ፣ ጠገብሁ” ይላል። አታምነውም። በዓል ቀን ልጁን ከቤት የሚያስወጣ ምን ዓይነት ሰው ነው እያለች ስትብከነከን ታመሻለች። እኔ አጥንቴን እየጋጥሁ፣ ኧረ ተይው፣ በልቶ ነው የመጣው እላታለሁ።

ጊዜው ሄደ። እሱ ጅቡቲ ገብቶ ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ሆነ፤ አገባ፣ ወለደ፣ አንዲት ትንሽ ጀልባም አበጀ። እኔ የከባድ መኪና ሾፌር ሆንሁ። ወደብ ወርጄ ጭነት ሲዘገይብኝ የማድረው እሱ ቤት ነው። አልጋውን ለቆልኝ እሱ ምንጣፍ ላይ ይተኛል፤ ሚስቱም ለእኔ ለብቻ በተቀመጠ ድስት ምስር ትሠራልኛለች። እግዜር ይስጣቸው፣ አንድ ቀን ፊታቸው ጠቁሮብኝ አያውቅም። ዓሣ ብላ ሲለኝ እባብ የሚመስል ነገር አልበላም ብዬ የማሾፈው እኔ ነበርሁ።

አምና እናቴ ታመመች። አልጋ ላይ ሆና፣ ያንን ልጅ አንድ ቀን ከእኛ ጋር ሥጋ ሳላበላው ልሞት ነው ትል ጀመር። ላስቃት ብዬ፣ ዓሣ ማንም ቢያጠምደው ለእነሱ ክልክል አይደለም አሉ አልኋት። ቀና አለች።

“ሥጋ ነው?”

“እኔ እንጃ።”

“ደም አለው?”

“አለው።”

“እንግዲያ ሥጋ ነው” ብላ ፈረደች። ከገበያ ገዝቼ ባበላውስ ብላት አሻፈረኝ አለች፤ የማን እጅ እንደነካው ማን ያውቃል፣ ከባሕር የምታወጣው አንተ ራስህ ነህ አለች። አዋዜ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ የመጀመሪያዋን ጉርሻ በእርሷ ስም እንዳጎርሰውም አስማለችኝ። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለነበር የጾም ሰበብ እንኳ አልነበረኝም።

ጀልባዋ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። የዓባይን በረሃ ስወርድ ጠመዝማዛው የሚያስመልሳቸውን ሰዎች ስንት ዓመት ስቄባቸዋለሁ! ዳርቻው ገና ሳይርቅ ቁርሴን ሁሉ ለባሕሩ መለስሁለት። ጓደኛዬ ፊቱን አዙሮ ሞተሩን የሚያይ መሰለ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሞተሩን አጥፍቶ የማጥመጃውን ክር እጄ ላይ አስያዘኝ፤ ሲጎትትህ አትደንግጥ፣ ላላ እያደረግህ ሳበው አለኝ። ብዙ ቆየን። ዳግመኛ ማስመለስ ሊጀምረኝ ሲል ክሩ መዳፌን ሸረከተው። ስስብ፣ ሳላላ፣ እሱ ሲያርመኝ፣ በመጨረሻ ክንዴን የሚያህል ዓሣ እግሬ ሥር ወድቆ ይንፈራገጥ ጀመር። ጎኑ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እጄ እንጂ እኔ አላደረግሁትም። በጉልበቴ ተጫንሁት፣ ካራዬን መዘዝሁ፣ “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ” ብዬ ልክ እንደ በግ አረድሁት። ዓሣ አንገት የለውም፤ አንገቱ ይሆናል ባልሁበት በኩል ነው የቆረጥሁት።

የነቃሁት ደሙ ወለሉ ላይ ሲወርድ ነው። ወይኔ አልሁ፣ የክርስቲያን ሥጋ አደረግሁት። የእናቴን አደራ እዚህ ድረስ ተሸክሜ መጥቼ በገዛ ካራዬ አበላሸሁት። እሷ አልጋ ላይ ሆና ስልክ ትጠብቃለች። ወደ ባሕሩ ወርውሬው ሌላ ላጠምድ ዓሣውን አነሣሁ። ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝ። አልሳቀም።

“ስማኝ” አለኝ። “ዓሣ አራጅ የለውም። አንተ ብታርደውም ለእኔ አልታረደም። ከባሕር ሲወጣ አልቆለታል፤ ማንም ያውጣው፣ ሐላል ነው።”

“እኔን ለማስደሰት ብለህ እንዳይሆን?”

“አንተን ለማስደሰት በሃይማኖቴ አልዋሽም። ስንት ዓመት ታውቀኛለህ?”

እውነት ነበር። የእናታችን መሶብ ላይ እንኳ ዋሽቶ አያውቅም። ዓሣውን አስቀመጥሁና እንደ ሕፃን አለቀስሁ፤ ምን ይደረግ።

ዳር ወጥተን እሳት አያያዝን። ከሰል የእኔ ሥራ ነው፤ ከሰፈራችን አጠገብ ካለችው ከአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ስጭን የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ በዚያ እንኳ አላፈርሁም። ዓሣው ሲበስል ከከተማ በያዝነው እንጀራ ላይ፣ አንድ ትሪ ላይ ዘረጋነው፤ የእናቴን አዋዜ ከጎኑ አደረግሁ። እኔ አማተብሁ፣ እሱ ቢስሚላህ አለ። ወፍራሙን ከጀርባው ቆርሼ፣ አዋዜውን አስነክቼ ጠቀለልሁና፣ ይቺ የእሷ ናት አልሁት። አፉን ከፍቶ ጎረሰ። ብዙ አኘከ። እሱም በተራው አጎረሰኝ። እባብ የሚመስል ነገር አልበላም ያልሁት ሰውዬ አጥንቱን ለቃቅሜ ጨረስሁ።

ከዚያ በእሱ ስልክ እንጅባራ ደወልን። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ እናቴ ከአንድ ትሪ ነው የበላችሁት ብላ ጠየቀችኝ። ከአንድ ትሪ ነው አልኋት። እንግዲያ እሱን ስጠኝ አለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠሁት።

“ጠገብህ?” አለችው።

ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፋ።

“አልሐምዱሊላህ፣ እማማ፣ ጠገብሁ።”

“እሺ” አለች እናቴ። “ዛሬስ አምኜሃለሁ።”