ኻላል የሚሉት ቃል

እኔ ፈሪ ነኝ። ስልክ ሲጮህ ዛሬም ሌላ ሰው እንዲያነሳው እጠብቃለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ፍርሃቱ የያዘኝ እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ፣ ዶራ ሰፈር ሳለን ነው። እኔ ተማሪ ቤት ልጨርስ ተቃርቤ ነበር፣ ወንድሜ ደግሞ ሊባኖስ ውስጥ ወታደር ነበር።

ከኢትዮጵያ ስንወጣ አባቴን ሱዳን ቀብረን ነው የመጣነው። የቀረነው እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ነን። ወንድሜ ጦር ሲገባ እናቴ "የፈለጉት ቦታ ይላኩት፣ ሊባኖስ ብቻ አይሁን" ስትል ከረመች፤ ማን ሰምቷት! ከዚያ ወዲያ ከፎቃችን ሥር መኪና በቆመ ቁጥር መስኮት ላይ ናት። ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ከመኪና ወርደው የቤት ቁጥር ሲፈልጉ ምን ማለት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

በዚያ ዓመት ማትናሱ ውስጥ፣ የሰፈሩ ወጣቶች የሚሰበሰቡበት ቤት ማለቴ ነው፣ ከሰዓት በኋላ የጠፈር ትምህርት ተከፈተ። አስተማሪያችን ከሩሲያ የመጣች ሴት ነበረች። ዕብራይስጧ ከእናቴም የባሰ ነው፤ የቃሉን ጭራ እየዋጠች፣ ሴቱን ወንድ ወንዱን ሴት እያደረገች ታወራለች። ስለ አጥቢያ ኮከብ ስትናገር ግን ትንፋሼን ይዤ ነበር የምሰማት። ኮከብ እንላታለን እንጂ እንደ ምድራችን ያለች ፕላኔት ናት፤ ደመናዋ ስለማይገለጥ መሬቷ በዓይን አይታይም። ስለዚህ በዙሪያዋ የምትዞር ኻላሊት ልከዋል። ኻላሊት በዕብራይስጥ የጠፈር መንኮራኩር ናት። መንኮራኩሯ በደመናው ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ታች ትለቅቃለች፣ ነጥሮ የሚመለሰውን ታዳምጣለች፣ ከዚያ የመሬቱ ሥዕል ይወጣል። አስተማሪዋ ሥዕሎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ "ነጭ ያያችሁት በረዶ እንዳይመስላችሁ፣ ሸካራ መሬት ነው፤ ጥቁሩ ለስላሳው ነው" ትለናለች። ተራራ አለ፣ ቅልጥ አለት የፈሰሰበት ቦይ አለ። እርሳስ የሚያቀልጥ ሙቀት፣ የሚጨፈልቅ አየር! እኔ እንደሁ ገና ስሰማው ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል።

አንድ ቀን "ድምጿ ቢጠፋስ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"በፕላኔቷ ጀርባ ስታልፍ ሁልጊዜ ይጠፋል፤ ዞራ ስትመጣ ይመለሳል" አለችኝ።

ይህን ለእናቴ ብነግራት "ደግ ሥራ አጣሽና ኮከብ ቆጣሪ ልትሆኝልኝ ነው?" አለችኝ።

"ኧረ እማዬ፣ ሳይንስ ነው!"

"የአጥቢያ ኮከብን እንደሁ አውቃታለሁ። ወደ ሱዳን ስንመጣ ሌሊት ሌሊት እየሄድን፣ እሷ ብቅ ስትል ጫካ እንገባ ነበር። እሷ ከወጣች ሽፍታ ያያል።" ከዚህ በላይ መስማት አልፈለገችም።

ከመስከረም በዓላት በኋላ አስተማሪዋ መንኮራኩሯ ልትሞት ነው አለችን። ሥዕሉን ጨርሳለች፤ አሁን ሆን ብለው ዝቅ ዝቅ እያደረጓት አየሩ ውስጥ ያስገቧታል፣ አየሩ እንዴት እንደሚገፋት ይለካሉ። እስክትወድቅ ድረስ ስለ አየሩ ትናገራለች ማለት ነው። "ዝም ስትል ደውዬ እነግራችኋለሁ" አለችን። እኔም የቤታችንን ስልክ ሰጠኋት።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጎቴ ሳሎን ተቀምጧል። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ፖሌግ በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር ነው የሚሠራ። በዚያ ሰዓት ከሥራ ወጥቶ አያውቅም። የሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። ሁለት ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎኑ ተቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ የሚውለው ቴሌቪዥን ጠፍቷል። "እንዴት ዋልሽ የኔ እናት" አለኝ አጎቴ፣ ወለሉን እያየ።

እናቴ ከወጥ ቤት ሳህን ይዛ ወጣች። መቀነቷን ጥብቅ አድርጋ ታጥቃለች። "ቁጭ ብለሽ ብይ" አለችኝ።

"አልራበኝም።"

"ብይ አልኩሽ!"

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ ዱብ አይደረግም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ባለ መርዶው እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። በባዶ ሆዱ ሐዘን ይጥለዋል ይባላል። ይህን ስለማውቅ እጄን ወደ ሳህኑ አልሰደድኩም። እግዜር ያሳያችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሳህን የፈራሁት ነገር የለም። ካልበላሁ አይነግሩኝም፣ ካልነገሩኝ ደግሞ ነገሩ አልደረሰም ማለት ነው።

"ማን ነው?" አልኩ።

"እስቲ ትንሽ ጎረስ አድርጊ" አለ አጎቴ።

"ማን ነው አልኩ እኮ!" ሳህኑን ገፋሁት።

እናቴ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። "ወንድምሽ" አለች።

ጮኽሽ አሉኝ፤ እኔ አላስታውስም። የማስታውሰው የጎረቤቶቻችን ክንድ ወገቤን እንደያዘኝና እናቴ እንዳላለቀሰች ነው። እኔ እህል ቀምሼ እንድሰማ ብላ እንባዋን አፍና ስትጠብቀኝ ውላለች።

"እነማን መጥተው ነገሩሽ?" አልኳት።

"የመጣ የለም። ስልክ ነው።"

"እኔም እሱን ነው የምላት" አለ አጎቴ። "እታለም፣ እነሱ በር ያንኳኳሉ እንጂ አይደውሉም።"

"በጆሮዬ ሰማሁ እኮ!" አለች እናቴ። "ሴት ናት፣ አንቺን ጠየቀች። የለችም አልኳት። 'ኻላል ናፋል' አለችኝ። ደግማ 'ኤን ኬሸር' አለችኝ። ታለቅስ ነበር።"

ናፋል ማለት ወደቀ ነው፣ ኤን ኬሸር ደግሞ ግንኙነት የለም ማለት ነው። ኻላል ግን ጉደኛ ቃል ነው። ጠፈርም ኻላል ነው፣ ጦር ሜዳ የሞተ ወታደርም ኻላል ነው። ዜናው የሟቾቹን ስም ከመጥራቱ በፊት የሚለው ይህንኑ ቃል ስለሆነ እናቴ ሁለተኛውን ብቻ ነበር የምታውቀው። አስተማሪዬ የኻላሊትን ጭራ እንደ ልማዷ ውጣዋለች።

"አስተማሪዬ ናት!" ብዬ ዘለልኩ። "እማዬ፣ የወደቀችው መንኮራኩሯ ናት! ያቺ የኮከቧ!"

አጎቴ "ተመስገን!" ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አንደኛዋ ጎረቤታችን እልልታ ጀመረች። እናቴ በዓይኗ አቆመቻት።

"ሰው ለብረት ያለቅሳል?" አለችኝ።

"እሷ ታለቅሳለች።"

"ወግጅ! የልጄን ድምፅ አምጭልኝ።"

የጦር ክፍሉ ዘንድ ደወልን። አንዲት ወጣት ወታደር አነሳችና ልጆቹ እላይ ምሽግ ውስጥ ናቸው፣ ዓርብ ይደውላሉ አለችኝ። "አሁን ኤን ኬሸር።" ቃል በቃል! በሐሰት የመጣው ቃል እውነት ሆኖ ተቀመጠ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲሉ ነው ያደግሁት፤ ሟርቱ ቀድሞ ደረሰን፣ መርዶው ከኋላ እየመጣ ነው አልኩ በሆዴ። ለእናቴ ግን ጎበዝ መሰልኩ።

"ከተራራ ጀርባ ሆኖ ነው እማዬ። መንኮራኩሯም በኮከቧ ጀርባ ስታልፍ ድምጿ ይጠፋል፤ ዞራ ስትመጣ ይመለሳል።"

"ያችስ ዞራ መጣች?"

አጎቴ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እናቴ እህል አልቀመሰችም። ውሃ ትጠጣለች፣ ሌላ የለም። አጎቴ ተቆጣ፣ ጎረቤቶቻችን ለመኑ፣ እኔ አለቀስኩ። ሐሙስ አጎቴ ከገበያ ትኩስ ዳቦ ገዝቶ መጥቶ አፏ ድረስ ቢያስጠጋላት እጁን መታችው። "እህል ካልቀመስኩ ማንም መርዶ አይነግረኝም" አለችው። አጎቴ ዳቦውን አስቀምጦ ወጣ፤ ደረጃው ላይ ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔም ከስልኩ አጠገብ አልተንቀሳቀስኩም፤ መኪና በቆመ ቁጥር በሩ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ እቆጥራለሁ፣ ደረጃ ላይ ኮቴ ከሰማሁ የማን እንደሆነ እስክለይ አልተነፍስም።

ዓርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ ስልኩ ጮኸ። ማንሳት አቃተኝ። እናቴ አነሳችው። ትንሽ አዳመጠችና መልሳ ዘጋችው።

"ማን ነው? እማዬ፣ ማን ነው?" ጮኽኩባት።

ወደ ወጥ ቤት ገባች። ስልኩ እንደገና ጮኸ። እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም።

"ምን ሆናችኋል እናንተ?" አለ ወንድሜ፣ በንዴት። "ስንት ሰው ተሰልፎ ነው ተራ ያገኘሁት፣ 'እማዬ፣ እኔ ነኝ' ስላት ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች?"

ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ መጣብኝ። "ምን እያደረገች ነው? ስልኩን ስጫት!" ይለኛል።

ዞር ብዬ አየኋት። የሐሙሱን ዳቦ ይዛ እንደቆመች ነው፣ ጉንጮቿ ሞልተው፣ እንባዋ በዳቦው ላይ እየወረደ።

"ንገሪው" አለችኝ። "እየበላሁ ነው በይው።"