ከጽዋው እጀታ ሥር

ዛሬም አዲስ ሸክላ ውሃ ሲነካው የሚወጣው ሽታ ሲሸተኝ ፊቴን አዞራለሁ። ሰው ደስ የሚል ሽታ ነው ይላል፤ ነውም። የሚያሸሸኝ ሸክላው አይደለም።

ከሞላሌ ወዲያ ባለው መንደራችን እናቴ የማርያምን ማኅበር ትጠጣ ነበር። ጾም አትገድፍም፣ ቅዳሴ አያመልጣትም። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላኝ ሰሞን የማኅበሩ ጽዋ ተሰበረ። ከወንዙ ማዶ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ይህን ሰምታ አዲሱን በነፃ ልሥራው አለች። ልጇ ታሞባት ለማርያም ስለት ተስላ ነበር፤ ልጁም ዳነላት። ስለቷ ጽዋውን ሠርታ ከዚያው ጽዋ አንዴ መጎንጨት ነው። አፈሩን ያቦካችውም ያቃጠለችውም ጾሟን ውላ እንደሆነ ጽዋውን ስታስረክበኝ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ።

ተራው የእኛ ቤት በሆነበት ቀን ጽዋውን በነጠላ ጠቅልላ አመጣችው። ካህኑ ባረኩት፤ ጠላ ተሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። እሷ ደጅ ካፊያ እየመታት ቆማ ትጠብቃለች። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ስለነበር ግቢ ያላት የለም። ስለቷን ስነግራቸው ማኅበርተኞቹ ፊታቸውን አጨማደዱ። እናቴ ጓዳ ገብታ አንድ የተሰነጠቀ ቅል አወጣችልኝ።

"በዚህ ቅጂላት" አለችኝ። "ጽዋውን እንዳታስነኪያት።"

ካህኑን አየኋቸው፤ የወጥ ቅባት ከጣታቸው ላይ ይልሳሉ። ጽዋውን አየሁት፤ ከእጀታው ሥር የሠሪዋ አውራ ጣት አሻራ እንደተጫነ ደርቆ ቀርቷል። እጇ ያልነካው የቱ ጋ ነው ማለት እችል ነበር። በቅሉ ቀዳሁላት።

ቅሉን ስታይ ፊቷ ላይ የመጣውን ላለማየት ዞር አልኩ። በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አማትባ ጠጣችው። ማርያም ታክብርሽ ብላ መረቀችኝ፤ ከዚያ ጠጋ አለችና፣

"ጽዋው አያፈስም አይደል?" አለችኝ።

አያፈስም አልኳት። መንገድ ስትጀምር፣ ሌላ ሰው እንዳይጠጣበት እናቴ እንዳዘዘችኝ፣ ቅሉን አጥሩ ድንጋይ ላይ ከሰከስኩት። ድምፁ ሳይደርሳት አልቀረም። አልዞረችም።

እናቴን ለዓመታት ተጸየፍኳት። ቅሉን የሰበረው የማን እጅ እንደሆነ ያሰብኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ባለፈው ኅዳር ለማርያም ሄጄ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ሞታለች፤ ጽዋው ግን አለ። እናቴ አርጅታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች። የተባረከ ስለሆነ ይኸው ሳይሰበር ኖረ አለችኝ። ማን ባረከው ብዬ ጠየቅኳት።

"ካህኑ ናቸዋ፤ ሌላ ማን ይባርከዋል?"

ሞልታ አቀበለችኝ። አውራ ጣቴ ፈልጎ እጀታው ሥር ያለው አሻራ ላይ አረፈ፤ ልክ ገባ። ሳልቀምስ መለስኩላት። ሠሪዋ ባልጠጣችበት እኔ በምን አፌ ልጠጣ?