ከጃንጥላ ሽቦ የተሠራ መሮ

ዛሬ ጎረቤቴ እትዬ የሻረግ ደህናውን ጃንጥላቸውን ሰብረው መሮ ሠሩልኝ!

ሰኞ ፍኖተ ሰላም ላይ እንጨት ላይ ተቀርጸው ወረቀት ላይ የሚታተሙ ሥዕሎች ትርኢት አለን። የምሠራበት ወርክሾፕ ኃላፊ ግን «ስለታም ነገር ለሴት አይሆንም» ብሎ መሮዎቹን ቆለፈብኝ። እንጨቴ ገና ግማሹ ነው የተቀረጸው።

እትዬ በ1960ዎቹ ቡሬ ሲያስተምሩ የመማሪያ ሥዕሎችን የዋንዛ እንጨት ላይ ቀርጸው ያትሙ ነበር።

«እኔንም ሲከለክሉኝ የባሌን ጃንጥላ ሰበርኩ» አሉኝ፣ መሐሉ እንደ ቦይ የጎደጎደውን የጃንጥላ ሽቦ በሞረድ እየሳሉ።

«እሳቸው ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ ልጄ፣ ክረምቱን ገሳ ለብሰው ከረሙ!»

(እንዲህ ያለ ባል ካለ ጠቁሙኝ።)

ሽቦው ከተቆለፉት መሮዎች ይልቅ ቀጭን መስመር ያወጣል። ቀርጬ ጨርሼ፣ ቀለም ቀብቼ ያተምኩበትን የመጀመሪያውን ወረቀት ከእንጨቱ ላይ ስገልጥ እትዬ እልል አሉ።

ኃላፊው ቁልፉን ይያዝ፤ ሥራዬ ሰኞ ይሰቀላል። እናንተስ መሣሪያ ሲቆለፍባችሁ በምን ሠራችሁ?