ቬሮና ልጅ የለኝም

ዕድሜዬን ሁሉ ሰው ቤት ሳድር ነው የኖርኩት። ቤት አጥቼ አይደለም። ቡታጅራ ከገበያው በላይ ባለቤቴ የሠራው ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት አለኝ። ግን የበርበሬ ነጋዴ ነበርኩ። ከመስቃን ገበሬዎች በርበሬ ገዝቼ ወልቂጤ አደርሳለሁ፣ ከወልቂጤ ቅቤ ይዤ እመለሳለሁ። ንግዱን ከተውኩ በኋላም እግሬ አልተወውም። ቡኢ የባለቤቴ እህቶች አሉ፣ አታት የአክስቴ ልጆች፣ ወልቂጤ ታናሽ እህቴ። ልብሴ ሁልጊዜ በፌስታል ታስሮ በር አጠገብ ነው።

እንደኔ የሚዞር ሰው ማን ዘንድ ስንት ሌሊት ማደር እንዳለበት ማወቅ አለበት። ይሄ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ይቀየማል። አንድ ጊዜ ቡኢ ከባለቤቴ ታላቅ እህት ዘንድ አንድ ሌሊት አድሬ ወደ ታናሿ ብሻገር ዝናብ ያዘኝና ሦስት ሌሊት ቆየሁ። ታላቋ እስከ ዓረፋ ድረስ አላነጋገረችኝም። ስንታረቅ፣ "እኔ ቤት ዝናብ አይዘንብም?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ማካፈል ተማርኩ። ማንም ሳይከፋው፣ ማንም ከማንም ሳይበልጥ። ሰዎቼ ስሄድ ሲቆጡኝ እንጂ ስመጣ ሲከፋቸው አይቼ አላውቅም ነበር።

ሦስቱም ልጆቼ ጣልያን አገር ናቸው። ታላቋ ገና ልጅ ሳለች ቤይሩት ለሰው ቤት ሥራ ሄደች፤ ከቤይሩት እንዴት እንደተሻገረች እስከ ዛሬ በደንብ አልነገረችኝም፣ ብቻ ሚላኖ ገባች። ወንድሟንና ታናሿን አንድ በአንድ የሳበቻቸው እሷ ናት። ወንዱ ቦሎኛ በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሳል፣ የዚያኑ አገር ልጅ አግብቷል። ትንሿ ፓዶቫ ሆቴል ታጸዳለች። እነዚህ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ እየመጡ አይተውኛል። ታላቋን ግን ከሄደች ወዲህ በዓይኔ አላየኋትም። ሥራሽ ምንድን ነው ስላት፣ "ቤት ውስጥ ነው እማ፣ ጥሩ ነው" ትላለች። እኔም ቤት አላት ብዬ አሰብኩ። አንድ ሌሊት አጠገቧ ተኝቼ ስትተነፍስ ብሰማት ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

የግብዣውን ወረቀት የላከው ወንዱ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ አሻራ ሰጠሁ። ይሰጡኛል የሚል ተስፋ አልነበረኝም፤ እንደኔ ያለች ያልተማረች አሮጊት ምን ትሠራላቸዋለች? ቪዛው መጣ። ለአንድ ወር ነው።

በማግሥቱ ፌስታሌን ይዤ ወልቂጤ ወረድኩ። እህቴ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት፤ ምላሷ ስለታም ነው፣ ልቧ ግን ከእኔ ይሻላል። ወሬውን ስነግራት እልል አለችና ወዲያው መቀለድ ጀመረች።

"እትዬ፣ ጣልያንም በፌስታል ነው የምትዞሪው?"

"ሻንጣ ይገዙልኛል" አልኳት።

ቁጭ ብለን ሌሊቶቹን አካፈልን። እሷ የወንድ ልጅ ቤት የእናት ቤት ስለሆነ መጀመሪያ ቦሎኛ ማረፍ አለብሽ አለች። እኔ ታላቅ እያለች እንዴት ይሆናል አልኩ። ሾፌሮች ሻይ ሲጠጡ እየሰሙን ይስቃሉ፤ አንዱማ ሁለት ሌሊት ለኔም ብሎ ለመነኝ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ለእያንዳንዳቸው አስር አስር ሌሊት። የታላቋ ግን ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ስደርስ፣ ግማሹ ልመለስ ስል። የመጀመሪያው ሌሊት ክብር ነው፣ የመጨረሻው የእንባ ነው፤ ሁለቱም ለእሷ እንዲሆን ፈለግኩ። የፈራሁት ሁለቱ ይቀየሙብኛል ብዬ ነበር።

ለትንሿ ደወልኩ። እንዳትቀየም ነገሩን ዞር ዞር አድርጌ ነገርኳት። አልተቀየመችም።

"አይ እማ፣ አስር ሌሊት ለእኔ ይበዛል። እሷ አይደለች ያሳደገችኝ? ለእሷ ጨምሪላት።"

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ በደስታ ነው። ወንዱ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ይበቃናል አለኝ፤ ሚስቱ ብዙ ቀን የሚቀመጥ እንግዳ አልለመደችም፣ የቀረውን ለእህቶቼ ተይላቸው አለ። ወንድ ልጅ ድርሻውን ለእህቶቹ ሲለቅ ማየት ትንሽ ነገር ነው? አላህ ያሳድግህ ብዬ መረቅሁት። ቡታጅራ ተመልሼ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞርኩ አወራሁ። ልጆቼ እኔን አንቺ ውሰጂ አንተ ውሰድ እየተባባሉ እርስ በርስ ይሰጣጣሉ አልኩ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ልጅ ማለት እንደ አንቺ ልጆች ነው አሉኝ። አንዷ የነጠረ ቅቤ፣ ሌላዋ የተፈጨ ሚጥሚጣ ለልጆቹ ብለው አመጡልኝ።

ወልቂጤ ወርጄ ለእህቴ ስነግራት ብርጭቆ እያጠበች ነበር። እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ።

"እትዬ፣ እናታችን ልታድርብሽ ስትመጣ፣ በዛብኝ፣ ለሌላ ሰው ስጪው ብለሻት ታውቂያለሽ?"

ፈረንጅ አገር ኖረው መተሳሰብ ተምረው ነው አልኳት። እሺ አለችና ሻይ ቀዳችልኝ። እህቴ በሕይወቷ ያለ ክርክር እሺ ብላኝ አታውቅም። ያ እሺ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ለታላቋ ሐሙስ ከሰዓት ደወልኩላት፤ ስልክ የምታነሳው ያን ጊዜ ነው። ከሻይ ቤቱ በስተኋላ ወጥቼ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ሌሊቱ ሁሉ ለአንቺ ሆኗል አልኳት፣ እህትሽም ወንድምሽም ላንቺ ብለው ለቀዋል። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ እማ" አለች። "ሌሊቱ የእኔ አይደለም።"

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። ያኔ ነገረችኝ። ቤት የላትም። የምትኖረው ልጆቿ ሌላ ከተማ በሚኖሩ በአንዲት አሮጊት ቤት ነው። አሮጊቷ ራሷን መገልበጥ አትችልም፣ ሌሊት ትጣራለች። ልጄ ተጣጣፊ አልጋዋን ማታ ማታ ከአሮጊቷ በር አጠገብ ትዘረጋለች፣ ጠዋት ታጥፋለች። የእሷ የሆነው ጊዜ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እንግዳ ማሳደር በውሉ የተከለከለ ነው። ቤት ውስጥ ነው የምሠራው ስትለኝ የኖረችው እውነቷን ነው፤ የማን ቤት እንደሆነ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ እማ?"

አሮጊቷ ስንት ዓመቷ ነው አልኳት። ከአንቺ ትንሽ ብትበልጥ ነው አለች።

ከዚያ በኋላ ሌላውም ወጣ። ትንሿ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ወንዱ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ግን ቤቱ የሚስቱ ወላጆች ነው፣ እነሱም ፎቅ ላይ አሉ። ምክንያት የሌለው የለም፤ ይህን አልክድም። ሰው አገር ሰው እንደሚችለው ነው የሚኖረው። ግን አንዳቸውም እንኳ ነይ፣ መሬት ላይ እናድራለን አላሉኝም። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ አንድ መደብ ላይ ራስና እግር ሆነን ያደርንበትን ልጆቼ ረሱት ይሆን ወይስ አፈሩበት?

ሦስቱ በስልክ መከሩ። ሳምንት ሳይሞላ ወንዱ ደወለ፣ ድምፁ ደስ ብሎታል። መፍትሔ አግኝተናል አለኝ። ቬሮና የምትባል ቆንጆ ከተማ አለች፣ እዚያ መነኮሳት የሚያስተዳድሩት ንጹሕ የእንግዳ ማረፊያ አለ፣ ወሩን ሙሉ እዚያ ታርፊያለሽ፤ እኛ በየእሑዱ እየመጣን እናይሻለን። እስላም መሆንሽ ምንም ችግር የለውም፣ ጠይቄያቸዋለሁ አለ። መነኮሳቱ አላስፈሩኝም፤ አታት ሆስፒታል ታምሜ ተኝቼ እንደነሱ ያሉ መነኮሳት እጄን ይዘው አስታመውኛል። ግን ላስብበት ብዬ ተሰናበትኩት።

የፊት ክፍሌን የተከራየው መምህር ጎጃሜ ነው፣ ረጋ ያለ ሰው። ቬሮና የት ነው ብዬ ብጠይቀው መጽሐፍ አውጥቶ ካርታ ዘረጋልኝ። በጣቱ አሳየኝ፤ ሚላኖ በዚህ በኩል፣ ፓዶቫ በዚያ፣ ቦሎኛ ከታች። ቬሮና መሃላቸው ላይ ናት።

"በጣም ጥሩ አስበዋል እማማ። ለሁሉም እኩል ይርቃል። ደግሞ ጥንታዊ ከተማ ነው፣ እድለኛ ነዎት።"

"ቬሮና ልጅ የለኝም" አልኩት።

ጣቱን ከካርታው ላይ አነሳ። መጽሐፉን ዘግቶ ይዞ ገባ። እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ልጆቼ አካፈሉኝ፣ ለዚያውም ከእኔ የተሻለ አካፈሉኝ። ማንም አይቀየምም፣ ማንም ከማንም አይበልጥም። ሦስት ሰው ከባድ ዕቃ ተጋግዞ መንገድ መሃል እንደሚያስቀምጥ።

እህቴ ግን ሂጂ አለችኝ። አራት እሑድ ከምንም ይሻላል፣ የልጅሽን ዓይን ታያለሽ፣ ኩራትሽን ወልቂጤ ጥለሽው ሂጂ አለች። ልክ ናት። ልቤን አሳምኜ እሺ ልል ነበር። ሻንጣ እንኳ ከመናኸሪያው ጀርባ ገዛን፤ ቀዩን መረጥኩ።

ያስቀረኝ የትንሿ ስልክ ነው። ለብቻዋ ደወለች፣ እያንሾካሾከች። ላንቺ ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም አለች። የማረፊያው ኪራይ ውድ ነው። ወንዱ የተወሰነ አዋጣ፣ እሷም የምትችለውን፤ የቀረውን ታላቋ እከፍላለሁ አለች። የምትከፍለው እሑዶቿን ለአሮጊቷ ልጆች ሸጣ ነው። የዚያ ወር እሑድ ሁሉ ትሠራለች። የመጨረሻውን እሑድ ምናልባት ለጥቂት ሰዓት ትመጣ ይሆናል፣ ግን አትጠብቂያት አለችኝ።

እንግዲህ ለእኔ አልጋ ስትል ልጄ እኔን የምታይበትን ቀን ሸጠች። ሌሊቷ ድሮ ተሽጧል፣ የቀረላት ቀኗ ነበር። እኔ ቬሮና ደወል እየሰማሁ ንጹሕ አንሶላ ላይ እተኛለሁ፣ እሷ ሚላኖ እኩያዬን እየገለበጠች ያንን አንሶላ ትከፍላለች።

ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ለሦስቱም ተናገርኩ። ሐኪሙ በአውሮፕላን መቀመጥ ከለከለኝ አልኩ። ውሸት ስለሆነ ከሰው ፊት ማነከስ ጀመርኩ፤ እስከ ዛሬም ቡታጅራ ገበያ ስገባ አንዳንዴ እረሳውና ሳላነክስ እሄዳለሁ።

ወንዱ በጣም አዘነ። ድምፁ ግን ቀለል ብሎት ነበር፤ እናት ያንን ትሰማለች።

"ምነው እማ፣ እኔ እኮ ለብቻዬ አንድ ሳምንት ቤቴ ላሳርፍሽ አስቤ ነበር። ሚስቴንም አሳምኛት ነበር።"

ትንሿ ደግሞ አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች ክፍሉን ሊለቁልን ተስማምተው ነበር፣ አስሩንም ሌሊት አብረን እናድር ነበር አለች። ቪዛው በእጄ ሳለ ቦታ አልነበረም፤ እንደማልመጣ ሲያውቁ ሁሉም ቤት ሰፋ። ሁለቱንም አመሰገንኩ፤ ሌላ ጊዜ፣ ኢንሻአላህ አልኩ።

ለታላቋ ሐሙስን ጠብቄ ደወልኩላት። ጉልበቴን ስነግራት አላመነችኝም፤ እሷ ታውቀኛለች። እሷ ግን ስንት ሌሊት እንዳሰበችልኝ አልተናገረችም። እሑዶችሽን አስመልሺ፣ እረፊባቸው አልኳት። ማን እንደነገረኝ አልጠየቀችም። እንደ ሕፃን አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

"አሮጊቷ ሌሊት ስትጣራ ምን ብላ ነው የምትጣራው?" አልኳት።

"እናቷን ነው የምትጠራው" አለች። "እናቷ ከሞተች ስንት ዘመኗ።"

"አንቺስ ምን ትያታለሽ?"

ልትመልስልኝ ስትል ከወዲያ ከውስጥ ድምፅ መጣ፤ ደካማ፣ የሚለምን ድምፅ። በዚያ ሰዓት እረፍት ላይ መሆን ነበረባት። ልጄ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ በእነሱ ቋንቋ መለሰች። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ድምፁን ግን አወቅሁት። አባቷ ታሞ ተኝቶ በሌሊት ሲጠራት፣ መጣሁ፣ እዚሁ ነኝ የምትለው በዚያ ድምፅ ነበር።

ሂጂላት አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት።