የኖርማ የልብስ ማስጫ ምሰሶ

ዴል ቫርጎን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ብዙ ነው። ፊቱን ያየ ግን የለም ማለት ይቻላል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በአሜሪካ እግር ኳስ ትልቁ ሊግ ሲጫወት ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ፣ ራሱን በእግሮቹ መሃል አሾልኮ፣ እንቁላል የምትመስለውን ኳስ አሥራ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ መወርወር። እዚያ የቆመው መቺ ይቀልባትና ወደ ሰማይ ይጠልዛታል። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለመቺው ነው። ዴል በዚያች ቅጽበት፣ ገና ቀና ሳይል፣ መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሰው ላዩ ላይ ወድቆበታል።

ውድድሩ አልቆ ወደ ከተማችን ሲመለስ፣ በፋሲካ ጾም ሥጋ በማይበላበት ዓርብ ዓርብ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ዓሣ ሲጠበስ፣ ከብረት ፋብሪካው የወጣው ሁሉ እሱን ይጠብቃል።

"ዴል፣ በቴሌቪዥን አየንህ እኮ!"

"እንዴት ነበርኩ?"

"እኛ ምን እናውቃለን? ያየነው ቂጥህን ነው! እንደ ወትሮው ሰፊ ነው።"

ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው እሱ ነበር። "ስሜን የሚጠራ ከሌለ ደህና ሠርቻለሁ ማለት ነው" ይላል። እውነቱን ነው፤ የእሱ ዓይነት ተጫዋች ስሙ የሚነሳው ያበላሸ ቀን ብቻ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ስሙ አንድ ጊዜም አልተነሳም። እስቲ አስቡት፣ እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቴ ነው!

በቤቶቻችን መሃል ያለው አጥር ወገቤ ድረስ ነው። ከቲማቲም መደቤ ቀና ስል የነሱን ጓሮ እንደ ራሴ ሳሎን አየዋለሁ። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ዴል ከኩሽናው ደረጃ ሥር ይቆማል፣ ሚስቱ ኖርማ ደግሞ ጓሮው ጫፍ፣ ከልብስ ማስጫው ምሰሶ ፊት። ከደረጃው እስከ ምሰሶው ልክ አሥራ አምስት እርምጃ ነው። ቤቱን በገዙ ሳምንት ለክቶ የተከለው ራሱ ነው። ኖርማ የጥርስ ሐኪም ጸሐፊ ናት፤ ቀጭን፣ ባለ መነጽር። ትኩስ ድስት የሚያዝበት ወፍራም የምድጃ ጓንት በሁለት እጇ አጥልቃ በቀን ስልሳ ኳስ ትቀልባለች።

"አመመሽ?" ይላታል ዴል፣ ራሱን በእግሮቹ መሃል ዘቅዝቆ።

"አመመኝ፣ አንተ አውሬ!" እጇን ታራግፋለች።

"ጎሽ!"

እንዲህ ነበር የሚፋቀሩት።

ዴል ሠላሳ ስድስት ዓመት በሞላው ዓመት፣ መጋቢት ላይ ንፋስ ምሰሶውን ጣለው። ዴል ቤት አልነበረም። ኖርማ አጥሩ ጋ መጣች።

"ሬይ፣ ምሰሶውን ትተክልልኛለህ?"

"በደስታ ነዋ።"

"ሁለት እርምጃ ወደ ቤቱ ጠጋ አድርገህ።"

"ምን ሆነሽ? ለምን?"

መዳፎቿን ዘርግታ አሳየችኝ። "ይኸው እጄ። በየዓመቱ እስከ መስከረም ይበልዝ ነበር። ዓምና አልበለዘም፤ ውርወራው ደክሟል። ሳያመኝ ነው አመመኝ ስል የከረምኩት።"

"ታዲያ ለራሱ ንገሪው እንጂ።"

"ዘንድሮም ቡድኑ ከያዘው አሥራ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ሌት ተቀን የሚያወራው ስለዚያ ብቻ ነው። በምን አፌ ልንገረው? ደስ ብሎት ይሂድ፣ ሌላው እዚያው ይታያል።"

ተከልኩት። ለጎረቤት ደግ መዋል መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ በሰው ሕይወት ውስጥ ሁለት እርምጃ መቆፈር ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያ ግንቦት ኳሷ እንደ ጥይት ደረሰች። "አየሽ ኖርማ! ሃያ አምስት ዓመቴ ተመለሰ!" እያለ ይጮኻል። ችግሩ ገመዱ ነበር። ከቤቱ ግድግዳ እስከ ምሰሶው የተዘረጋው ገመድ ላልቶ ረገበ፤ የዴልን ቋጠሮ ፈትተን ማጥበቅ ደግሞ እኔም እሷም አቅቶን ነበር።

"ገመዱን ምን ነካው? ሱሪዬ ሣር ሊያጭድ ነው እኮ!"

"ገመድ ሲያረጅ ይላላል" አለች ኖርማ። እኔ ቲማቲሜ ውስጥ ተደበቅሁ።

ሐምሌ ላይ ወደ ቡድኑ የልምምድ ካምፕ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። እዚያ የሆነውን ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ኳሷ የመቺው ቁርጭምጭሚት ላይ እየወደቀች አስቸገረች። "ኧረ ሽማግሌው፣ የጫማዬን ማሰሪያ ልታስርልኝ ነው?" አለው መቺው። ዴል የተጠራጠረው ሜዳውን ነው። ጓሮው ውስጥ ኳሷ ስትበርለት የከረመ ሰው ሌላ ምን ይጠርጥር? "ርቀቱ ተሳስቷል! ለኩት!" ብሎ ሙግት ገጠመ። የሜዳ መለኪያው ሰንሰለት መጣ፤ ስልሳ ተጫዋች ከቦ እያየ ተለካ። ልክ አሥራ አምስት። በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ፤ "አሰልጣኙ ይፈልጉሃል፣ ደብተርህን ይዘህ ና" ተባለ። ተጫዋች የጨዋታ ደብተሩን መልስ ከተባለ አበቃ።

መኪናውን አቁሞ ቤት እንኳ አልገባም። የረገበውን ገመድ ቆሞ አየው፣ አየው። ከዚያ ከደረጃው ጀምሮ እየረገጠ ቆጠረ። አሥራ ሦስት ላይ ደረቱ ምሰሶውን ነካ።

"ሬይ።"

"አቤት።"

"ማነው?"

"የቆፈርኩት እኔ ነኝ።"

ኖርማ ከኩሽና ወጣች። "ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ።"

"ሜዳውን አስለካሁ እኮ፣ ኖርማ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሰንሰለት አስመጥቼ!"

አፏን በእጇ ያዘች። "ይሄንን አላሰብኩም።"

"ምን ነበር ያሰብሽው?"

"እኔ ከምነግርህ እነሱ እንዲነግሩህ። ፈራሁ፣ ዴል። ሌላ ምንም አይደለም።"

ምሰሶውን በሁለት እጁ ያዝ አድርጎ ነቀነቀው። እኔ እገባ እንደሁ እቆም እንደሁ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ።

"አካፋህን አምጣ" አለኝ በመጨረሻ።

ሁለታችን ነቅለን ከድሮው ቦታ መለስነው። ገመዱ እንደ ክራር ክር ተወጠረ። እኔ አካፋዬን ይዤ ወደ ቲማቲም መደቤ ተመለስኩ።

"ጓንትሽን አድርጊ።"

"ተወው፣ ዴል።"

"አድርጊ።"

ጎነበሰ። የመጀመሪያዋ ኳስ ሣሩ ላይ ወደቀች። ሁለተኛዋ ጉልበቷን መታቻት። ስድስተኛዋ ብቻ እጇ ገባች፤ ያቺም ደክሟት።

"አመመሽ?"

ኖርማ እጇን አላራገፈችም። "አላመመኝም።"

"ዓምናስ?"

"ዓምናም።"

ቀና ብሎ ዞረ። እንባ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። እሱ ግን አገጩን እያሸ ትክ ብሎ አያት።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ከዚህ ሆኜ ተዘቅዝቀሽ ነው ያየሁሽ" አላት። "ቀጥ ስትዪ አጭር ነሽ።"

"አንተም ፊት አለህ ለካ!"

እሱ ወደ ምሰሶው ሄደ፣ እሷን ወደ ደረጃው ሰደዳት። ጓንቷን ተቀብሎ ለማጥለቅ ቢታገል ከጣቶቹ አላልፍ አለው። ኖርማ ጎነበሰች፤ መነጽሯ ሣር ላይ ወደቀ። ዓይኗን ጨፍና ወረወረች። ኳሷ ዴልን አልፋ፣ አጥሩን ዘልላ፣ ከቀላው ቲማቲሜ መሃል ዘጭ አለች።

"አመመህ?" ብላ ጮኸች ኖርማ፣ ገና እንደተዘቀዘቀች።

"ሬይን ጠይቂው!" አላት።

ጭማቂውን ከሸሚዜ ላይ ጠረግሁና ኳሷን መለስኩላት።